ላም አለኝ በሰማይ፦ ከላንድሳት የምንማረው

እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሊመጥቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሃ ቤተሰቦችን አስከትለው፣ በበቅሎ የሚጎተት ጋሪም ይዘው ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ኬፕ ኬኔዲ መጡ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ የዜጎች መብት ንቅናቄውን አደራ የተረከቡት አበርናቲ ነበሩ። የናሳ ዋና ኃላፊ ቶማስ ፔይን ሜዳው ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። አበርናቲ ጠፈርተኞቹን አልነቀፉም፤ በሰላም እንዲመለሱም እንጸልያለን አሉ። ቅሬታቸው ሌላ ነበር። ከአምስት ዜጋ አንዱ በቂ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና በማያገኝበት አገር ይህ ሁሉ ገንዘብ ወደ ሰማይ ለምን ይወጣል?

ፔይን የሰጡት መልስ የጨዋ ሰው መልስ ነው። ነገ የማስወንጨፊያውን ቁልፍ ባለመጫን ድህነትን ማጥፋት ቢቻል ኖሮ አንጫነውም ነበር አሉ። ከሰው ልጅ ችግር ጋር ሲተያይ ጨረቃ ላይ መውጣት ቀላል መሆኑንም አልሸሸጉም። ከእንግዶቹ መካከል በማግስቱ ማስወንጨፉን በቅርብ እንዲያዩ ቦታ የተሰጣቸው ነበሩ። ጥያቄው ግን እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1966 ናሳ ከፌዴራሉ መንግሥት በጀት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ከ4 ዶላር በላይ ይወስድ ነበርና አበርናቲ የጠየቁት ስለ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም።

በእኛም አገር ስለ ሳተላይት በተወራ ቁጥር የሚሰማው ይኸው ጥያቄ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ የተበጀ ይመስላል። እኔ ይህን የሚሉትን ሰዎች ኋላ ቀር ብዬ ላልፋቸው አልፈልግም። ሕዝብ በላቡ የከፈለው ግብር ወደ ሰማይ ሲወጣ «ወተቱ የታል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የጠፈር ምርምር ደጋፊዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት መልስ የዕቃ ዝርዝር ነው። ይህ መሣሪያ ከጠፈር የመጣ ነው፣ ያኛውም እንዲሁ ይሉናል። ከዝርዝሩ አንዳንዱ ሐሰት ነው፤ ምግብ እንዳይጣበቅ ምጣድ የሚቀባበት ቴፍሎን ናሳ ከመቋቋሙ 20 ዓመት ቀድሞ በ1938 የተገኘ ነው። እውነት የሆነውም ቢሆን ጥያቄውን አይመልስም። የተሻለ ምጣድ የሚፈልግ አገር ገንዘቡን በቀጥታ ለምጣድ ምርምር ያውለው ነበር።

ከዝርዝር ይልቅ አንድ ታሪክ ጠለቅ ብሎ ማየት ይሻላል እላለሁ። ላንድሳት የሚባሉትን የአሜሪካ ሳተላይቶች የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። እነዚህ ሳተላይቶች በሦስት ዘመን በሦስት ዓይነት አስተዳደር አልፈዋል፤ መጀመሪያ በመንግሥት፣ ቀጥሎ በግል ኩባንያ፣ በመጨረሻም በመንግሥት ሆነው ምስላቸውን ለዓለም በነጻ በመስጠት። የሚዞሩት ያችኑ ምድር ሆኖ የተለወጠው አስተዳዳሪውና ዋጋው ብቻ ነበር። ለጠፈር የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ መቼ እንደሚክስና መቼ እንደማይክስ እንዲህ ለይቶ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ወደ ጨረቃ ለመሄድ ሲዘጋጁ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጄሚኒ በተባሉት መንኮራኩሮች የበረሩ ጠፈርተኞች በመስኮት ያነሷቸውን የምድር ፎቶግራፎች የሥነ ምድር ባለሙያዎች ሲያዩ በእግርና በበቅሎ ዓመታት ለክተው የማይጨርሱት ምድር በአንድ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ያኔ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ዊልያም ፔኮራ፣ ለመሬትና ለተፈጥሮ ሀብት ብቻ የሚያገለግል ሳተላይት ያስፈልገናል ብለው ተነሡ። አለቃቸው የነበሩት ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዶል ደግፈዋቸው በሴፕቴምበር 1966 ዕቅዱን በአደባባይ አስታወቁ። ናሳ አልተደሰተም። የመከላከያና የስለላ ሰዎች ሚስጥር ይወጣል ብለው ሰጉ። የበጀት መሥሪያ ቤቱም ይህ ሥራ በአውሮፕላን ፎቶግራፍ አይሠራም ወይ እያለ ገንዘቡን ያዘ። ስድስት ዓመት ያህል የፈጀ ትግል ነበር።

ፔኮራ የትግላቸውን ፍሬ አላዩም። ጁላይ 19 ቀን 1972 ዐረፉ፤ የመጀመሪያዋ የላንድሳት ሳተላይት ከካሊፎርኒያ የመጠቀችው ከአራት ቀን በኋላ ጁላይ 23 ነው።

በሳተላይቷ ላይ ሁለት መሣሪያዎች ተጭነው ነበር። ዋናው የቴሌቪዥን ዓይነት ካሜራ ሲሆን ሁለተኛው ለሙከራ ያህል የተጨመረ ነበር። ይህን ሁለተኛውን የነደፈችው በሂዩዝ ኩባንያ ትሠራ የነበረች ቨርጂኒያ ኖርዉድ የምትባል መሐንዲስ ናት። መሣሪያዋ እንደ ካሜራ ብልጭ አድርጎ አያነሣም። አንድ መስታወት በሰኮንድ 13 ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ መሬቱን መስመር በመስመር ይጠርጋል፤ ከመሬት የሚንጸባረቀውን ብርሃንም በአራት የብርሃን ክፍል ለያይቶ፣ ወደ ቁጥር ለውጦ ወደ ምድር ይልካል። ከአራቱ ሁለቱ ዓይናችን የማያያቸው ናቸው። ጤናማ ቅጠል ከሁሉ ይበልጥ የሚያንጸባርቀው ይህን የማይታይ ብርሃን ስለሆነ ለምለሙን ከጠወለገው፣ ሰብሉን ከባዶው መሬት መለየት ተቻለ። ብዙ ባለሙያ ግን በጠፈር ላይ የሚወዛወዝ መስታወት ትክክለኛ ምስል ይሰጣል ብሎ አላመነም ነበር። ሳተላይቷ በመጠቀች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዋናው ካሜራ በኤሌክትሪክ ብልሽት ሥራ ሲያቆም ዓለም በሙሉ የኖርዉድን መስታወት ተመልካች ሆነ። አንዱ ምስል በጎኑ 185 ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር፤ ሳተላይቷም በየ18 ቀኑ ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የመጣው ከስንዴ ነው። በ1972 ሶቪየት ኅብረት ሰብሏ እንደከሸፈባት ማንም ሳያውቅ ከአሜሪካ ነጋዴዎች እጅግ ብዙ እህል በርካሽ ገዛች። ነገሩ ሲገለጥ የእህል ዋጋ አሻቅቦ ጉዳቱ ከዳቦ ገዢው ኪስ ወጣ። ይህ እንዳይደገም ናሳ፣ የግብርና ሚኒስቴሩና የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ (ኖኣ) ከ1974 ጀምረው የሌላ አገር ስንዴ ከሰማይ መለካት ሞከሩ። በ1977 የሶቪየት ምርት እንደሚያንስ አዝመራው ሳይገባ አስቀድመው ተናገሩ፤ በኋላ ሶቪየቶች ያሳወቁት ቁጥር ከግምቱ ብዙም አልራቀም። የስንዴ ገበያ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ጨለማ አልሆነም።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የጠፈር ደጋፊ በደስታ የሚተርከው ታሪክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ፕሬዚዳንት ካርተር በ1979 ላንድሳት ወደ ኖኣ እንዲተላለፍ፣ ውሎ አድሮም ወደ ግል እንዲዞር ወሰኑ። ሬገን ሲመጡ አፋጠኑት። ክርክሩ በደንብ የታሰበበት ነበርና በንቀት ልናልፈው አይገባም። ሳተላይቶቹ ጠቃሚ ከሆኑ ደንበኛ ይኖራቸዋል፤ ደንበኛ ካላቸው ግብር ከፋዩ ለምን ይሸከማቸዋል? ዘይት ፈላጊው ኩባንያና ትልቁ እርሻ ለሚጠቀሙበት ምስል ለምን አይከፍሉም? ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1984 ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፤ በማግስቱ ዓመትም ሂዩዝና አር.ሲ.ኤ. በጋራ ያቋቋሙት ኢኦሳት የተባለ ኩባንያ ሳተላይቶቹን የማስተዳደርና ምስላቸውን የመሸጥ መብት አገኘ።

የአንድ ምስል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደረሰ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድ ሐይቅ በ10 ዓመት ውስጥ ስንት እንደጎደለ ለማወቅ ቢያንስ ሁለት ምስል፣ በደንብ ለማጥናት ደግሞ 20 እና 30 ይፈልጋል። ይህን የሚከፍል ጥቂት ነበር። መምህራን ላንድሳትን ትተው ወደ ሌላ ነገር ዞሩ፤ ተማሪዎቻቸውም ሳይማሩት ተመረቁ። ገዢ ሲያንስ ኩባንያው ወጪውን የሚሸፍን ገቢ አጣ። መንግሥትም ለአዲስ ሳተላይት ሊሰጥ ቃል የገባውን ድጎማ እየቆራረጠ አዘገየ። በ1989 መጀመሪያ ገንዘቡ አልቆ፣ ኖኣ በሰማይ ላይ ይሠሩ የነበሩት ላንድሳት 4 እና 5 እንዲዘጉ አዘዘ። በምክትል ፕሬዚዳንቱ ዳን ኩዌል የሚመራው የጠፈር ምክር ቤት ጣልቃ ገብቶ፣ ከምስሉ ተጠቃሚ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ተለቃቅሞ ነው የዳኑት። በኦክቶበር 1993 የመጠቀው ላንድሳት 6 ደግሞ ምሕዋሩ ላይ ሳይደርስ ጠፋ። ሦስት ዓመት ብቻ እንዲያገለግል የተሠራው አሮጌው ላንድሳት 5 ባይጸና ኖሮ መዝገቡ እዚያ ላይ ይቆረጥ ነበር። እሱ ግን እስከ 2013 ድረስ፣ 29 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ሠራ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ በወቅቱ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ጉዳት ነው። ኩባንያ የሚያነሣው ገዢ ያለበትን ቦታ ነው። የካንሳስ የስንዴ ማሳ ገዢ አለው፤ የአፋር ግጦሽ፣ የቦረና ኩሬ፣ የጎንደር ደጋ ገዢ የለውም። ስለዚህ ሳተላይቱ ከላያችን እያለፈ መሣሪያው ሳይከፈት የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ የላንድሳትን ማኅደር የሚያገላብጥ ሰው ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ባለው ጊዜ ለብዙው የአፍሪካ ምድር ምስሉ ስስ ሆኖ፣ በየቦታውም ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው ጉድለት ገንዘብ ሲገኝ ይሞላል፤ ይህ ግን አይሞላም። በ1988 ያልተነሣ ደን በ2025 ሊነሣ አይችልም። የዚያ ምስል ፈላጊ ያኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ነበርና በ1988 የሚከፍልለት ደንበኛ ከየት ይመጣል? ገበያው የሚያሟላው ዛሬ የሚከፍለውን ሰው ፍላጎት ነው፤ ገና ላልተወለደው ወጪ የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ እሱም ካሰበበት።

በ1992 ኮንግረሱ የ1984ቱን ሕግ ሽሮ ላንድሳትን ወደ መንግሥት መለሰ። በ1999 የመጠቀው ላንድሳት 7 ምስሉን በ600 ዶላር ያቀርብ ጀመር። ከ4,400 ወደ 600 መውረድ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ጥሩ በሚባለው ዓመት፣ በ2001፣ 25,000 ያህል ምስል ተሸጠ፤ በቀን ሲካፈል ወደ 70 ቢጠጋ ነው። ሁሉም በ600 ዶላር ተሸጦ ቢሆን ገቢው 15 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ሳተላይት ሠርቶ ለማምጠቅ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ በሚወጣበት ሥራ ይህ ከወጪው ምኑም አይደለም።

በ2008 የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤቱ አመራሮች፣ በተለይ ባርባራ ራያን፣ አንድ ውሳኔ አስወሰኑ፦ ከ1972 ጀምሮ ያለው ማኅደር በሙሉ በኢንተርኔት ለማንም፣ በየትም አገር፣ ያለ ክፍያ ይሰጥ። አዲስ ሳተላይት አልመጠቀም፤ የተሻለ መስታወትም አልተሠራም። በመጀመሪያው ዓመት የወጣው ምስል ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያው መሥሪያ ቤት ባስጠናው ጥናት ምስሎቹ በ2011 ብቻ ለአሜሪካ ተጠቃሚዎች 1.79 ቢሊዮን፣ ለሌሎች አገሮች ደግሞ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ጥቅም ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ግምት ሲባዛና ሲቀነስ የሚለዋወጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግማሹን ብንጥለው እንኳ ከ15 ሚሊዮኑ ጋር አይወዳደርም።

ቁጥሩ ለዓይን የሚታይ የሚሆነው በአንድ ምሳሌ ነው። በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማቲው ሃንሰንና ባልደረቦቻቸው፣ የዓለምን ደን ለውጥ በ12 ዓመት ውስጥ ለክተው አወጡ። ምድሪቱ በዚያ ጊዜ 2.3 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ደን እንዳጣች ያወቅነው ከዚያ ነው። ለሥራው 654,000 ያህል የላንድሳት ምስል ፈጅቷል። በ600 ዶላር ቢገዛ 390 ሚሊዮን ዶላር ይሆን ነበር፤ በ4,400 ሂሳብ ደግሞ ሦስት ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር። በዓለም ላይ ይህን የሚከፍል የደን ተመራማሪ የለም። ጥናቱ ውድ ይሆን ነበር ማለት አይበቃም፤ ከናካቴው አይታሰብም ነበር።

ብራዚል የሄደችበት መንገድም ሊታይ ይገባል። የምስል መቀበያ ጣቢያዋን ኩያባ ላይ የተከለችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ኢንፔ የተባለው የጠፈር ምርምር ተቋሟም ከ1988 ጀምሮ የአማዞንን ደን ጭፍጨፋ በላንድሳት ምስል በየዓመቱ እየለካ ያወጣል። በ2004 ከ27,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው ጭፍጨፋ በ2012 ወደ 4,600 ገደማ ወርዷል። ምስሉ ብቻውን አላወረደውም፤ ምስሉን አይቶ መጥረቢያና ቡልዶዘር ያለበት ድረስ የሄደ ጥበቃ፣ የሚቀጣ ሕግ፣ ብድር የሚከለክል ባንክ ነበረ። ሆኖም ቁጥሩ በአደባባይ የተሰጣ ስለነበር ማንም ሊሸፋፍነው አልቻለም። በ2019 ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ ቁጥሩን አስተባብለው የተቋሙን ዳይሬክተር ሪካርዶ ጋልቫኦን ከሥራ ሲያስወጡ እንኳ ምስሉ በማንም ተመራማሪ እጅ ነበርና ጭፍጨፋው መጨመሩ አልተሰወረም።

ከእኛ አገር የበሰቃን ሐይቅ ላንሣ። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ከጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ውሃው የስኳር እርሻውን መሬት ያሰጋል፤ የጅቡቲን መንገድና የድሮውን ሐዲድም ሲፈታተን ኖሯል። ስፋቱ በየዓመቱ እንዴት እንደሄደ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጻፏቸውን ጥናቶች ስታነቡ ሠንጠረዡ ውስጥ የምታገኙት ስም ላንድሳት ነው። የሐረማያ ሐይቅ መድረቅ፣ የአብያታ መሸሽ፣ የጣና እምቦጭም በዚሁ መዝገብ ተጠንተዋል። የሐረማያ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወጣት ተመራማሪ ይህን ያጠናው ምስሉን ገዝቶ አይደለም። ወጪውን የቻለው ምናልባት ኢትዮጵያ የት እንዳለች እንኳ የማያውቅ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው።

ይህ ሲባል፣ «እነሱ ከከፈሉ እኛ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ይነሣል። በአሜሪካም የዚህ ተገላቢጦሽ ተነሥቷል፤ በ2018 መንግሥታቸው ምስሉን እንደገና በክፍያ የማድረግ ሐሳብ እንዲጠና ጠይቆ ነበር። ተመራማሪዎች ተቃወሙ፤ የ1980ዎቹን ታሪክ ጠቅሰው ተከራከሩ፤ ምስሉም ነጻ እንደሆነ ቀጠለ። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር የሌላ አገር ልግስና በሌላ አገር ምክር ቤት የሚወሰን መሆኑን ነው።

ይህን ይበልጥ የሚያሳየው የራሳችን የረሃብ ታሪክ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ዓለምን ያስደነገጠው ድርቅ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረሃብ መምጣቱን ቀደም ብሎ ተናግሯል፤ የአገር ውስጡም መንግሥት፣ ለጋሾቹም እንደሚገባ አልሰሙትም። ስለዚህ ሳተላይት ቢኖር ያ ሁሉ ሰው አይሞትም ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ከዚያ መዓት በኋላ በ1985 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ፊውስ የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። የናሳው ኮምፕተን ተከርና ባልደረቦቻቸው ከኖኣ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች የዕፅዋትን ልምላሜ የመለካት ዘዴ ሠርተው ነበርና በየዐሥር ቀኑ የአፍሪካ ቀንድ አረንጓዴነት በካርታ ይወጣ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ በአንድ አካባቢ ሲጎድል «አልሰማንም» ማለት ከባድ ሆኗል። ደመናን ለማየት በሕዝብ ገንዘብ የመጠቀ ሳተላይት ለኦጋዴን አርብቶ አደር የሚናገርለት ምስክር ሆነ።

በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ የፊውስ ድረ ገጽ ተዘጋ፤ ባለሙያዎቹም ሥራ አቆሙ። ከወራት በኋላ መልሶ ቢከፈትም የሆነውን ማስተዋል ይገባል። ሳተላይቶቹ አንድም ቀን አልቆሙም፤ ምስሉም እንደወትሮው በነጻ ይወርድ ነበር። የቆመው ምስሉን አንብቦ፣ ከገበያ ዋጋና ከዝናብ መለኪያ ጋር አስተያይቶ፣ «በዚህ ወረዳ በዚህ ወር እህል ያልቃል» የሚለው ሰው ነው።

አሁን ወደ አበርናቲ ጥያቄ እመለሳለሁ። ላንድሳት ለጠፈር የሚወጣን ገንዘብ ሁሉ አያጸድቅም። ሰው ጨረቃ ላይ ባንዲራ እንዲተክል የሚወጣ ገንዘብ፣ መንግሥታት ለመፎካከር የሚያወጡት ገንዘብ፣ በዚህ ታሪክ ጥላ ሊጠለል አይገባም፤ ለራሱ ይከራከር። ያም ሆኖ የጄሚኒ ሰዎች በመስኮት ያነሷቸው ፎቶግራፎች ባይኖሩ ፔኮራ የሚያሳዩት ነገር ባልነበራቸው። ስለዚህ ፍለጋውን ከጥቅሙ ቆርጦ፣ «ይህን ብቻ ክፈሉ፣ ያንን ተዉ» ማለት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። እኔ የምለው፣ የሕዝብ ገንዘብ ወደ ሰማይ ሊወጣ የሚገባው ከሰማይ የሚወርደው ነገር የሕዝብ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ነው። ካልሆነ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለማምጠቂያ፣ ሌላ ጊዜ ለመግዣ፤ የኢኦሳት ዘመን እንዳሳየው ብዙው ሰው ሁለተኛውን መክፈል አይችልምና የመጀመሪያውም ከንቱ ይቀራል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ስታመጥቅ፣ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን እያየን ኮርተናል። ኩራቱ ተገቢ ነበር። የጠፈር ሳይንስ ሶሳይቲውን በ2004 ሲያቋቁሙ የተነቀፉት ሰዎች ያን ቀን ተክሰዋል። ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከዚያም ስድስቱ የቻይና እንደነበር ተነግሯል፤ መቆጣጠሪያውም እንጦጦ ላይ ነው። ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለድሃ አገር ቀላል አይደለም፤ ለመሐንዲሶቻችን ትምህርት የከፈልነው ነው ብለን ብናስብ ግን አይበዛም። ከዚያ በኋላ ላለው ግን መልስ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች አሉ። ምስሉ ለጎንደርና ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም ይደርሳል? የወረዳው የግብርና ባለሙያ በምን ኮምፒዩተር፣ በየትኛው ሥልጠና ያነበዋል? የዘንድሮው ምስል ከ30 ዓመት በኋላ ለሚፈልገው ሰው የሚጠበቅበት ማኅደር የት ነው? የሚቀጥለው ሳተላይት በጀት ወደ ምክር ቤት ሲገባ ከማምጠቂያው ሂሳብ አጠገብ ለአንባቢዎቹ ደመወዝ፣ ለማኅደሩና መስክ ወርደው ምስሉን ከመሬቱ ጋር ለሚያስተያዩት ሰዎች የተመደበ የራሱ መስመር እንዲኖረው እጠይቃለሁ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ከቀረበ የምክር ቤቱ አባላት በጀቱን ወደ መጣበት መሥሪያ ቤት ይመልሱት።